በረጅም ጊዜ የካንሰር ሕክምና ውስጥ የደም ምርመራና ስካን ሲከብድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካንሰርን ለወራትና ለዓመታት የሚታከም ሰው ከመድኃኒቱ እኩል የሚያደክመው ምርመራው ነው። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ደም፣ በየሁለት ሦስት ወሩ ስካን፣ በመሐሉ ደግሞ ውጤት መጠበቅ። ብዙ ሰው «ስንት ከባድ ነገር እያለ ስለ መርፌ ምን አወራለሁ» ብሎ ችግሩን ዋጥ ያደርገዋል። እባክዎ አይዋጡት። አስቀድሞ የተነገረ ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚደረግለት ነገር አለ፤ መርፌው ከገባ ወይም ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ግን ምርጫው ይጠብባል። ከታች ያሉት መልሶች የሐኪምዎን ምክር አይተኩም። ምን መጠየቅና ምን ማለት እንደሚችሉ ግን ያሳያሉ።

ድሮ ደም ስሬ ወዲያው ይገኝ ነበር። አሁን ለምን ጠፋ?

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶች የደም ስርን የውስጥ ግድግዳ ያስቆጣሉ፤ ደጋግሞ የተቆጣ ስር ይጠነክራል፣ ይጠባል። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ መወጋትም ጠባሳ ይተዋል። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎንን የመሰሉ ስቴሮይዶች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ደግሞ ቆዳው ይሳሳል፣ ስሩም በቀላሉ ይፈነዳል፤ ከመርፌ በኋላ ሰፊ በለዝ የሚታየው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ማስታወክ፣ ተቅማጥና የምግብ ፍላጎት ማጣት ሲጨመርበት ሰውነት ውኃ ያጣና ስሩ ይሟሽሻል።

ብርድና ፍርሃትም ስርን ያኮማትራሉ። አንዴ ተወግቶ ያልተሳካለት ሰው ለሁለተኛው ሲዘጋጅ ይፈራል፤ ሲፈራ ስሩ ይበልጥ ይጠባል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው የሚከብደው በከንቱ አይደለም።

ደም ልሰጥ ስሄድ ቤት ውስጥ ምን አድርጌ ልውጣ?

ውኃ ይጠጡ፤ ከዋዜማው ጀምሮ፣ በምርመራው ዕለት ጠዋትም ጭምር። «የደም ምርመራ ነው» ሲባል ብዙ ሰው ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ይወጣል። ከኬሞ በፊት በየጊዜው የሚሠሩት የደም ቆጠራ፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራዎች አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሆድ አይጠይቁም። ባዶ ሆድ የሚያስፈልጋቸው እንደ ስኳርና የደም ቅባት ያሉትም ቢሆኑ ንጹህ ውኃ ይፈቅዳሉ። በልብ ወይም በኩላሊት ሕመም ምክንያት ፈሳሽ እንዲቀንሱ የተነገራቸው ሰዎች ግን መጠኑን ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ቀጥሎ ሙቀት። እጅጌው ረጅም የሆነ፣ ግን በቀላሉ የሚሰበሰብ ልብስ ይልበሱ። ተራ ሲጠብቁ እጅዎን ያሙቁ፤ ከተቻለ ለጥቂት ደቂቃ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይንከሩት ወይም በሞቀ ጨርቅ ይጠቅልሉት። ኬሞው ጣትዎን አደንዝዞት ከሆነ የውኃውን ሙቀት ሌላ ሰው ይሞክርልዎ፤ የደነዘዘ እጅ ሲቃጠል አይታወቀውም። ከዚያ ክንድዎን ከወንበሩ ጎን ወደ ታች ይልቀቁት፣ ስሩ በደም ይሞላል። እጅን መጨበጥም ይረዳል። ደጋግሞ መጨበጥና መዘርጋት ግን በናሙናው ውስጥ ያለውን ፖታሺየም ከእውነተኛው በላይ ሊያሳይ ስለሚችል፣ አንዴ ጨብጦ መያዝ ይበቃል።

ሕመሙ ራሱ ለሚያስጨንቀው ሰው ሊዶኬይንና ፕሪሎኬይን የተባሉ ማደንዘዣዎች ያሉበት ቅባት አለ። ከመርፌው አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይቀባና ይሸፈናል። አንዳንድ ጊዜ ስሩን ስለሚያኮማትር የእጅ ደም ስሩ አስቸጋሪ የሆነ ሰው ባለሙያውን ሳያማክር ባይጠቀምበት ይሻላል። ፖርት (ቆዳ ሥር የሚቀበር የመርፌ መቀበያ፤ ከታች ይብራራል) ላለው ግን በጣም ይስማማል።

ለሚቀዳኝ ባለሙያ ምን ልበለው? አዛዥ እንዳልመስል እፈራለሁ።

ጎማው ክንድዎ ላይ ከመታሰሩ በፊት ይናገሩ። እንዲህ ማለት በቂ ነው፦ «ደም ስሬ አስቸጋሪ ነው። ባለፈው ከግራ እጄ ጀርባ፣ በትንሿ መርፌ ነው የተሳካው። ከተቻለ ጋደም ብዬ ቢሆን ደስ ይለኛል።» ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ይህን ሲሰማ አይቀየምም፤ ፍለጋውን አሳጥረውለታል። ቀጥሎ የሚያደርገውን ልብ ብለው ይዩ። ጎማውን አስሮ በጣቱ ጫፍ ይዳስሳል እንጂ ሰማያዊ መስመር ፍለጋ ቆዳዎን ብቻ አያይም። ከላይ ደምቆ የሚታየው ስር ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው፤ የሚፈለገው በጣት ሲጫኑት መልሶ የሚነሳው፣ ምናልባትም ጨርሶ ለዓይን የማይታየው ነው። እስኪያገኘው ድረስ ጊዜ ቢወስድ አያጣድፉት። አምስት ደቂቃ መዳሰስ አንድ ተጨማሪ ውጊያ ያስቀራል።

ሊጠይቋቸው የሚችሏቸው ነገሮች አሉ፦ ቢራቢሮ የሚባለው ባለ ክንፍ ቀጭን መርፌ፣ ትንሽ ደም ብቻ የሚወስዱ የሕፃናት የናሙና ቱቦዎች፣ ስሩን በአልትራሳውንድ እያየ የሚወጋ ባለሙያ። በዚያው ቀን ለሕክምና ወይም ለሲቲ ስካን ካኑላ (ደም ስር ውስጥ የሚቆይ ቀጭን ቱቦ) የሚገባልዎ ከሆነ «ደሙ በዚያው ይቀዳልኝ?» ብለው ይጠይቁ፤ ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ ይቻላል።

አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሞክሮ ካልተሳካለት ሌላ ሰው እንዲሞክር ማድረግ በብዙ ሆስፒታሎች የተለመደ አሠራር ነው። ስለዚህ «አሁን ትንሽ ልረፍ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ይሞክርልኝ» ማለት ማንንም መዝለፍ አይደለም። የተሳካበትን ቦታና የመርፌውን ዓይነት ስልክዎ ላይ ይጻፉት፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያገኙት ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

መርፌው ሲወጣ ክርንዎን አጥፈው አይያዙ። ክንድዎን ዘርግተው ጥጡን በጣትዎ ጠበቅ አድርገው ይጫኑ። ፕላትሌትዎ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሴል) ዝቅ ያለ ከሆነ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይቆዩበት።

በየጊዜው ይህን ሁሉ ሲወስዱብኝ ደሜ አያልቅም?

አያልቅም። በአንድ ምርመራ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ይወሰዳል፤ በአንድ ጎልማሳ ሰው ውስጥ ያለው ደም ወደ 5 ሊትር ይጠጋል። ሄሞግሎቢንዎ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ዝቅ ካለ ምክንያቱ በአብዛኛው ሕክምናው ወይም በሽታው ነው። ሆስፒታል ተኝቶ በየቀኑ የሚቀዳ ሰው ግን «ዛሬም ያስፈልጋል?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

መርፌ ሳይ ራሴን እስታለሁ። መፍትሔ አለው?

አለው። በአንዳንድ ሰዎች ላይ መርፌ ወይም ደም ሲታይ የደም ግፊትና የልብ ምት በድንገት ይወርዳሉ፤ ያዞራል፣ ያልባል፣ ከዚያ ዓይን ይጨልማል። የሰውነት ምላሽ ነው፣ በጀግንነት የሚመለስ አይደለም። ተኝቶ መቀዳት ዋናው መፍትሔ ነው። ሁለተኛው ጡንቻን ማጠንከር ነው፦ የሁለቱንም እግሮች፣ የሆድንና የማይወጋውን ክንድ ጡንቻ ፊትዎ ሞቅ እስኪልዎ ድረስ ለ10 ወይም ለ15 ሰከንድ ጠበቅ ያድርጉ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይልቀቁ፣ አራት አምስት ጊዜ ይድገሙ። ይህ የደም ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። ቤት ውስጥ ተለማምደውት ቢሄዱ ይሻላል። የሚወጋው ክንድ ግን ይዝናና።

የብብት ንፍፊት ወጥቶልኛል። በዚያ በኩል ደም መስጠት እችላለሁ?

ሌላ እጅ እስካለ ድረስ ሌላውን ይስጡ። ንፍፊት ከብብት ሲወጣ ክንዱ ፈሳሽ የማስወገድ አቅሙ ስለሚቀንስ ሊያብጥ ይችላል፤ «ያኛውን እጅ አትንኩ» የሚባለው ለዚህ ነው። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ጥናቶች ደም መቅዳት ብቻውን እብጠት የሚያስከትልበት ዕድል ትንሽ መሆኑን ስላመለከቱ፣ ሌላኛው እጅ ፈጽሞ አልሆን ሲል ሐኪሙ ሊፈቅድ ይችላል። በሁለቱም በኩል ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ይህን ጥያቄ ለሕክምና ቡድኑ አስቀድሞ አቅርቦ መልሱን በጽሑፍ ቢይዝ ላብራቶሪ በር ላይ ከመከራከር ይድናል።

ፖርት ላስገባ? ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ይነግረኛል።

ፖርት ከአንገት አጥንት በታች ቆዳ ሥር የሚቀበር ትንሽ ማጠራቀሚያ ነው፤ ከእሱ የሚነሳ ቀጭን ቱቦ ልብ አጠገብ ወዳለ ትልቅ ደም ስር ይገባል። መርፌው ስር ሳይፈልግ በቀጥታ እሱ ላይ ይሰካል። ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፣ መርፌ ባልተሰካበት ጊዜ ገላን መታጠብም ሆነ መዋኘት አይከለክልም። ፒክ ላይን ደግሞ ከላይኛው ክንድ ገብቶ ጫፉ ውጭ የሚቀር ቱቦ ነው፤ ለሳምንታትና ለወራት ያገለግላል፣ ውኃ እንዳይነካው መጠንቀቅ፣ በየሳምንቱም የቱቦውን ውስጥ በባለሙያ ማሳጠብና ማሸጊያውን ማስቀየር ያስፈልጋል።

ሕክምናዎ ረጅም ከሆነና ደም ስርዎ እየደከመ ከመጣ፣ ስሮችዎ ሁሉ እስኪያልቁ ሳይጠብቁ ጥያቄውን ቢያነሱት እመርጣለሁ። ብዙ ሰው «ገና አልባሰብኝም» እያለ ይቆያል፤ በመሐሉ እያንዳንዱ ቀጠሮ ስቃይ ይሆናል። ሌላው ወገን ግን መታወቅ አለበት። ሁለቱም ቱቦዎች ኢንፌክሽንና የደም መርጋት ሊያመጡ ይችላሉ። ፖርት በማይሠራበት ጊዜም፣ እንደ ሆስፒታሉ መመሪያ፣ ከአራት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ አንዴ ውስጡ በባለሙያ መታጠብ አለበት። የሚሰካውም ልዩ መርፌ ነው፣ ሥልጠና የሌለው ባለሙያ አይነካውም። ስለዚህ ፖርት እያለዎትም ተራ ላብራቶሪ ከእጅዎ ሊቀዳ ይችላል፤ ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው በጣም ይናደዳል።

ፖርቱን ካስገቡ በኋላ የሚሰጥዎትን ካርድ ይዘው ይንቀሳቀሱ። የሲቲ ኮንትራስት (ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ የሚወጋው «ቀለም») በከፍተኛ ግፊት ስለሚገፋ ያንን ግፊት የሚችል ፖርት ብቻ ነው ለእሱ የሚውለው፤ ዓይነቱ ካርዱ ላይ ተጽፏል።

ከፖርቴ መድኃኒት ይገባል፣ ደም ግን አልመጣ ይላል።

የተለመደ ነገር ነው። የቱቦው ጫፍ ከስሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ወይም ትንሽ የረጋ ደም እንደ ክዳን ጋርዶት ሊሆን ይችላል። ነርሷ ክንድዎን ወደ ላይ እንዲያነሱ፣ እንዲያስሉ፣ በረጅሙ እንዲተነፍሱ ወይም ወደ ጎን እንዲዞሩ ትጠይቅዎታለች፤ ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃል። ካልሆነ አልቴፕሌዝ የተባለ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ቱቦው ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ እንዲቆይ ይደረጋል። ሲገፋ ካመመዎት፣ ቦታው ካበጠ ወይም አንገትዎና ክንድዎ ካበጡ ወዲያው ይናገሩ።

«ደምዎ አልደረሰም» ተብዬ ኬሞዬ ተላለፈ። እየባሰብኝ ነው?

በዚህ ብቻ እየባሰብዎ ነው ማለት አይቻልም። ኬሞ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ስለሚመታ የአጥንት መቅኔንም ይነካል። ነጭ የደም ሴሎች በብዙ መድኃኒቶች ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ በጣም ዝቅ ይሉና ከዚያ ያገግማሉ። ሐኪሙ በተለይ የሚያየው ከእነዚህ መካከል ኒውትሮፊል የተባለውን ነው፤ እንደ ሕክምናው ዓይነት በማይክሮ ሊትር ከ1,000 ወይም ከ1,500 በታች ሲሆን፣ ወይም ፕላትሌት ከ100,000 በታች ሲሆን ኬሞው ብዙ ጊዜ ለአንድ ሳምንት ይገፋል ወይም መጠኑ ይቀነሳል። ለመሄድ ልብሱን ለብሶ፣ አጃቢውን ይዞ፣ ራሱን አዘጋጅቶ የመጣ ሰው ሲመለስ የሚሰማውን ቅስም መሰበር አላቃልለውም። ግን መቅኔው እስኪያገግም መጠበቅ ለደኅንነትዎ ነው።

«ምን ልብላ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይነሳል። ኒውትሮፊልን በቀናት ውስጥ ከፍ የሚያደርግ ምግብ የለም፤ ስላልበሉት ነገር ራስዎን አይውቀሱ። ፊልግራስቲምን የመሰለ መርፌ ግን አለ። የአጥንት ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል ሲጀመር ማስታገሻ ምን መውሰድ እንደሚችሉ ይጠይቁ።

ነጭ የደም ሴልዎ ዝቅ ባለበት ሰሞን የሰውነትዎ ሙቀት 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና ይሂዱ። እስኪነጋ አይጠብቁ፣ ማስታገሻ ውጠው ትኩሳቱን አይደብቁት።

የካንሰር ጠቋሚዬ ከፍ አለ። በሽታው ተመለሰ?

አንድ ቁጥር ብቻውን ይህን አይናገርም። ጠቋሚ ማለት በደም ውስጥ የሚለካ ቁስ ነው፤ ያለ ካንሰርም ከፍ ሊል ይችላል። ሲኢኤ የተባለው በሚያጨሱ ሰዎች ላይ ከፍ ይላል፣ ሲኤ 125 በወር አበባ ጊዜና በጉበት ሕመም፣ ሲኤ 19-9 የሐሞት መተላለፊያ ሲዘጋ፣ ፒኤስኤ ፕሮስቴት ሲቆጣ። አዲስ ሕክምና በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁጥሩ ለጊዜው ሊዘል ይችላል። ሐኪሙ የሚፈልገው በተከታታይ የተወሰዱ ውጤቶች ወዴት እንደሚያመሩ ነው፤ ላብራቶሪ ሲቀያየር የመለኪያው ዘዴ ስለሚለያይ ንጽጽሩ ይበላሻል። በተቻለ መጠን አንድ ላብራቶሪ ይጠቀሙ። ሦስቱን አራቱን ውጤት ከነቀናቸው ጎን ለጎን ጽፈው ይዘው ይሂዱና «አዝማሚያው ምን ይመስላል?» ብለው ይጠይቁ።

የሲቲ ስካን «ቀለም» ሲገባ ምን ይሰማኛል?

ሙቀት ከደረት ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይመጣል፣ ሽንት ያመለጠም ይመስላል። አላመለጠዎትም። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ክንዱ ላይ መርፌው በገባበት ቦታ የሚያቃጥል ወይም የሚወጥር ሕመም ከተሰማዎ ግን ዝም አይበሉ፤ ኮንትራስቱ ከስሩ ውጭ እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል እንዲቆም ጮክ ብለው ይናገሩ።

ከዚህ በፊት ኮንትራስት ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የመተንፈስ ችግር አምጥቶብዎ ከነበር ቀጠሮ ሲያዝ ነው መናገር ያለብዎት፤ ቅድመ ዝግጅቱ ሰዓታት የሚወስድ ስቴሮይድ ሊሆን ይችላል። የኩላሊት ምርመራዎ የቅርብ መሆን አለበት። ሜትፎርሚን የተባለ የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኩላሊቱ ደከም ያለ ከሆነ መድኃኒቱን ለ48 ሰዓት እንዲያቆም ሊነገረው ይችላል።

ኤምአርአይ ውስጥ መግባት አልችልም። ጠባብ ቦታ ያፍነኛል።

ይህን የሚሉት ብቻዎን አይደሉም፤ የማሽኑ ባለሙያዎች በየቀኑ የሚሰሙት ነው። ቀጠሮ ሲይዙ ይንገሯቸው እንጂ አልጋው ላይ ሲወጡ አይሁን። ስካኑ ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል ለእርስዎ የሚመደበው ጊዜ መስፋት አለበት። ሐኪምዎ ቀለል ያለ ማረጋጊያ ክኒን ሊያዝልዎ ይችላል፤ እሱን ከወሰዱ መኪና አይነዱም፣ የሚመልስዎ ሰው ይዘው ይምጡ።

አልጋው ከመንቀሳቀሱ በፊት ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ከተቻለም ጨርቅ ይሸፈንልዎ። ብዙ ሰው የሚደነግጠው ከአፍንጫው በላይ ጣሪያውን ባየባት ቅጽበት ነው፤ እሷን ካላዩ ውስጥ መሆንዎን አእምሮዎ እንደዚያ አይጮህበትም። በእጅዎ የጎማ ኳስ ይሰጥዎታል፤ ሲጨብጡት ባለሙያው ይሰማል፣ ያነጋግርዎታል፣ ካስፈለገም ያወጣዎታል። ከመጀመሩ በፊት አንዴ ጨብጠው መሥራቱን ያረጋግጡ። እያንዳንዱ ዙር ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ እንዲነግሩዎ ይጠይቁ፤ «ይህኛው አራት ደቂቃ ነው» ሲባሉ አራት ደቂቃ ብቻ መታገስ ነው የሚጠበቅብዎት። ድምፁ በጣም ኃይለኛ ነው፣ ይንኳኳል፣ ይጮሃል፤ ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም። የጆሮ መከላከያ ሳይደረግልዎ አይግቡ። የሚታየው አካል ከፈቀደ በእግር በኩል መግባትም ይቻል ይሆናል፣ ይጠይቁ።

ማሽኑ ኃይለኛ ማግኔት ስለሆነ ስለ ብረት ሲጠየቁ ሁሉንም ይዘርዝሩ፦ የልብ ምት ማስተካከያ፣ ፖርት፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት (አንዳንዱ ከጀርባው ስስ ብረት ስላለው ያቃጥላል)፣ ጡት ከተወገደ በኋላ ቦታውን ለማስፋት የሚገባ ባለ ማግኔት ማስፊያ።

ለፔት ስካን ለምን ዝም ብለህ ተቀመጥ ይሉኛል?

የሚወጉት ጨረር አመንጪ ስኳር ነው፤ ስኳር በብዛት የሚጠቀም ሴል እሱን ይሰበስባል። ካንሰር ብቻ አይደለም የሚሰበስበው። የሚሠራ ጡንቻም፣ ቁስልም፣ ኢንፌክሽንም ይሰበስባሉ። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ከባድ እንቅስቃሴ አይደረግም፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም አይቀመስም፣ መርፌው ከገባ በኋላም አንድ ሰዓት ያህል ሞቅ ብሎ፣ ሳያወሩ ማረፍ ነው። ስኳር ሕመም ካለብዎ የመድኃኒቱን ሰዓት አስቀድመው ይነጋገሩበት። በቅርብ ክትባት ከወሰዱ፣ ጉንፋን ከያዘዎት ወይም የነጭ ሴል መርፌ ከተወጉ ይንገሯቸው፤ ምስሉ ላይ ይደምቃሉ፣ ካልታወቀም ያሳስታሉ። የቁሱ ጨረር በየ110 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል፤ ለጥቂት ሰዓታት ከነፍሰ ጡርና ከሕፃናት ራቅ እንዲሉ ሊመከሩ ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ጨረር ሌላ ካንሰር አያመጣብኝም?

የሆድና የዳሌ ሲቲ ወደ 10 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ ነው። ሰው ከተፈጥሮ በዓመት የሚያገኘው በዓለም አማካይ ከ2.4 እስከ 3 ገደማ ነው። የሚጨምረው አደጋ ትንሽ ነው፣ የሚታየውም ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ አሁን በሕክምና ላይ ላለ ሰው የበሽታውን ሁኔታ ማወቁ ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። ኤምአርአይና አልትራሳውንድ እንዲህ ያለ ጨረር የላቸውም።

ጀርባዬን ስለሚያመኝ አልጋው ላይ ጸንቼ መተኛት አልችልም።

የሕመም ማስታገሻዎን ስካኑ ከሚጀመርበት ሰዓት ጋር አስማምተው ይውሰዱ። ከጉልበት ሥር ትራስ ማድረግ ወገብን ያሳርፋል፣ ይጠይቁ። ከጡት ቀዶ ጥገና በኋላ ክንድን ከራስ በላይ ማንሳት ካቃተዎትም ይናገሩ፣ ይደገፍልዎታል።

የስካኑ ቀን ሲቃረብ እንቅልፍ አጣለሁ፣ ቤተሰቤ ላይ እቆጣለሁ። ምን ነካኝ?

ለዓመታት የሚታከም ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ያውቀዋል። ከአንድ ሳምንት በፊት ይጀምራል። ትናንት ያልተስተዋለች ቁርጥማት ዛሬ ምልክት ትመስላለች። ከጓደኛ ጋር ቁጭ ተብሎ ጆሮ አይሰማም። «ለስንተኛ ጊዜ ነው፣ እስካሁን አልለመድሽም?» የሚል ሰው ካለ አያውቅም፤ ይህ በመደጋገም የሚለመድ አይደለም። እያንዳንዱ ስካን የሚፈርደው ስለ መጪዎቹ ወራት ስለሆነ ያስፈራል።

ፍርሃቱን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይቻልም። የመጠበቂያውን ጊዜ ግን ማሳጠርና ቅርጽ ማስያዝ ይቻላል። ስካኑ ሲታዘዝ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ውጤቱ መቼ ይደርሳል፣ የሚነግረኝ ማን ነው፣ በስልክ ነው ወይስ በአካል? ስካንና የሐኪም ቀጠሮ በተቻለ መጠን እንዲቀራረቡ ይለምኑ። «ውጤቱ ሲደርስ እንደውልልዎታለን» የሚል ቀን የሌለው መልስ አይቀበሉ፤ «እስከ ሐሙስ ካልተደወለልኝ ለማን ልደውል?» ብለው ስምና ስልክ ይያዙ።

የማሽኑ ባለሙያ ፊት ላይ ውጤት አይፈልጉ። ምስሉን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት ነው፤ ባለሙያው ዝም ያለው ሥራ ስለበዛበት፣ ፈገግ ያለውም ጨዋ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ውጤት በስልክዎ ላይ ከሐኪሙ ቀድሞ የሚደርስዎ ከሆነ ብቻዎን ይክፈቱት አይክፈቱት ዛሬውኑ፣ ፍርሃቱ ሳይበረታ ይወስኑ። የራዲዮሎጂ ሪፖርት ለሐኪም የተጻፈ ነው፤ ትንሽ ነጥብ፣ የቆየ ጠባሳ፣ ከካንሰሩ ጋር የማይገናኝ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሁሉ ይመዘገብበታል። እኩለ ሌሊት ላይ ብቻዎን ሆነው የሚያነቡት ወረቀት አይደለም።

ጭንቀቱ ከስካኑ በኋላም ለሳምንታት ካልለቀቀዎት፣ ምግብና እንቅልፍ ከነሳዎት፣ ቀጠሮ ወደ ማስቀረት ካደረሰዎት ለሐኪምዎ ይንገሩ። በንግግርም በመድኃኒትም የሚታከም ነው።

ውጤቱ «ለውጥ የለውም» ይላል። ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን?

ለረጅም ጊዜ ሕክምና ይህ በአብዛኛው መልካም ዜና ነው። በ2009 የታደሰውና በብዙ አገር የሚሠራበት የመለኪያ ደንብ እንደሚለው፣ የሚለኩት ዕጢዎች ርዝመት ድምር ቢያንስ በ30 በመቶ ሲቀንስ «ምላሽ» ይባላል፣ ቢያንስ በ20 በመቶ ሲጨምር «እድገት»። አዲስ ዕጢ እስካልታየ ድረስ በመሐል ያለው ሁሉ «የተረጋጋ» ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት አንብበው አይደንግጡ፤ የመለኪያው መስመር የተሳበበት ቦታ ብቻ ሊያመጣው ይችላል። ኢሚውኖቴራፒ (የሰውነትን መከላከያ በካንሰሩ ላይ የሚያነሳሳ ሕክምና) በሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች ላይ ደግሞ መከላከያ ሴሎች ዕጢው ውስጥ ስለሚገቡ በመጀመሪያ ያደገ ይመስልና በኋላ ይቀንሳል፤ ሐኪሙ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ስካኑን እንዲደገም የሚያዘው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

አስታማሚ ነኝ። እንዴት ልርዳ?

«አይዞህ፣ ምንም አይሆንም» ከማለትዎ በፊት «ውስጥ ልግባ ወይስ ውጭ ልጠብቅ?» ብለው ይጠይቁ። ሐኪሙ ሲናገር እርስዎ ይጻፉ፤ ታካሚው ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በኋላ ላይሰማ ይችላል። ለዘመድ ውጤቱን የመናገሩን ሥራም፣ ታካሚው ከፈቀደ፣ ይውሰዱለት። አሥር ስልክ ማንሳት በራሱ ሕመም ነው።

ደክሞኛል። ይህን ስካን ባዘገየውስ?

ይህን ማንሳት መብትዎ ነው። ለሐኪምዎ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «የዚህ ስካን ውጤት ሕክምናዬን ይቀይረዋል?» መልሱ «አይቀይርም» ከሆነ በየሁለት ወሩ የነበረው ወደ ሦስት ወር ሊራዘም ይችል ይሆናል፤ በሽታቸው ለረጅም ጊዜ በተረጋጋ ሰዎች ላይ ይህ ይደረጋል። መልሱ «ይቀይራል» ከሆነ ደግሞ ምን እንደሚቀይር ይነግርዎታል፣ ያን ጊዜ የሚታገሡለትን ነገር ያውቃሉ። ሊዘለሉ የማይገባቸው ደኅንነትዎን የሚጠብቁት ናቸው፦ ከኬሞ በፊት ያለው የደም ቆጠራ፣ ልብን ሊያዳክም የሚችለውን ትራስቱዙማብ የተባለ የካንሰር መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ በየሦስት ወሩ ገደማ የሚደረገው የልብ ኢኮ (አልትራሳውንድ)። ዝም ብሎ ከመቅረት ደውሎ ማዛወር ይሻላል። ሲደውሉም «አልተመቸኝም» ብቻ አይበሉ፤ መርፌው ከሆነ መርፌው፣ ማሽኑ ከሆነ ማሽኑ፣ ውጤቱን መስማት ከሆነ ውጤቱ፣ የትኛው እንዳስመረረዎት ይንገሯቸው።